እማዬ ከዛፍህ ሥር አልነሳም ብላለች

ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ያስቸግርህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ? ሥራውስ፣ እንቅልፉስ? እኛ ካንተ ሐሳብ በቀር ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩህም ለሰላምታው ያህል ነው እንጂ ልቤ ከተሰቀለ ሳምንት አልፎታል፤ ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልንገርህ።

ነገሩ ያ ልትሄድ ሰሞን ጓሮ የተከልከው ዛፍ ነው፤ ግራር መሳዩ፣ ችግኝ ሻጩ «ሎከስት ይባላል፣ አበባው ያምራል» ብሎ የሰጠህ። «አደራ ዛፌን» ብለህ እንደ ቀልድ የተናገርካትን እማዬ እንደ ኑዛዜ ይዛታለች። ሲያብብ «ልጄ ደህና ነው» ትላለች፤ ሲጠወልግ አብራው ትጠወልጋለች። ደብዳቤህ ከተቋረጠ ይኸው ስምንት ወር ሆነው። ዛፉም የተማከራችሁ ይመስል በዚያው ሰሞን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። አይ ጉድ!

ያን ጊዜ የሠራነውን ስማና ሳቅብን። እማዬ ጠዋት ጠዋት አንድ ባልዲ ውሃ ታጠጣዋለች፣ ፍግም ትጨምርበታለች። አባባ ደግሞ ቤቱ ሁሉ የረሳው መስሏቸው ከምሳ በኋላ በጎማ ይለቁበታል። እኔ ብልጧ ከሥራ ስመለስ ሌላ ባልዲ! ሦስታችንም ላንተ መጨነቃችን እንዳይታወቅብን በየተራ በድብቅ ስናጠጣ ከረምን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

በመጨረሻ አትክልተኛውን ጠራሁት፤ ያን «ቀስ በሉ» የምንለውን፣ ምላሱ ላይ ሌላ ቃል የሌለውን። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከቶ አወጣና ይህ ዛፍ ጠምቶት ሳይሆን ሰጥሞ ነው የታመመው አለኝ። ደረቅ መሬት ይችላል አሉ፤ ውሃ የቋጠረ መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። ፍጉም አስረዘመው እንጂ አላጠነከረውም። ሲደክም ጊዜ ደግሞ ትል ገባበት፤ ግንዱ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፣ ከቀዳዳውም የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር ይረግፋል። ባለፈው ሐሙስ ነፋስ ሲነሳ የጭን ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተገንጥሎ እማዬ ከሥሩ የምትቀመጥበት በርጩማ ላይ ወደቀ። እሷ ብርጭቆ ልታስቀምጥ ገብታ ነበር። በርጩማው ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ወንድም ጋሼ።

ይቆረጥ ብንላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ጭራሽ ሌላ በርጩማ አምጥታ እዚያው ቁጭ! አባባ ቢለምኗት፣ አትክልተኛው ቢያስረዳት፣ እኔም ብጮኽባት፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ዛፉን የሚነካ ልጄን እንደነካ ይቁጠረው ብላ ዘጋችን። ትናንት ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ሆና ሩዝ ስትለቅም ዋለች። እኔ በመስኮት ቅርንጫፎቹን ሳይ ዋልኩ፤ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር እደነግጣለሁ።

«ቀስ በሉ» ግን አንድ ደግ ነገር ነግሮኛል። ይህን ዓይነት ዛፍ ማጥፋት እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ግንዱ ቢቆረጥ ሥሩ በሌላ በኩል ያበቅላል። እውነቱን ነው፤ እሾሃም ቡቃያው በመተላለፊያው ድንጋይ መሃል ብቅ ብቅ ብሏል። አባባ አንዱን ሊነቅሉ ሲሉ መዳፋቸውን ወግቷቸው ሲራገሙ ዋሉ። አንዱ ደግሞ ከግንዱ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ያንተ መኝታ ቤት መስኮት ሥር በቅሏል፤ ቅጠሉም አረንጓዴ ነው። ይህን ለእማዬ ብነግራት ልታታልዪኝ ነው አለችኝ።

ስለዚህ በእናትህ፣ ጻፍ። «ትልቁን ቁረጡት፣ መስኮቴ ሥር ያለውን አሳድጉልኝ» በላት። ለምን ጠፋህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ሥራ አጥተህም እንደሆነ፣ ታመህም እንደሆነ፣ እኛን ምን ታፍረናለህ? የምትለው ከጠፋህም ስምህን ብቻ ጽፈህ ላክ፤ የእጅ ጽሑፍህን ካየች ትነሳለች። ነፋሱ ግን ቀን አይሰጠንም፤ ቶሎ በል።

አባባ እሾህ በወጋው እጃቸው ሰላም ብለውሃል። አክስታችን አገጭህን ስማሃለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሱሪህ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ ነው በይው ብሏል። እማዬን ምን ልበልልሽ ብዬ ከዛፉ ሥር ሄጄ ጠየቅኋት፤ ዛፉ ደህና ነው በይው፣ አታስጨንቂው አለችኝ።

እህትህ

ጓሮውን ከሚያየው መስኮት አጠገብ፣
ሰኔ 12 ቀን