የሚጠይቅ አለቃ

ናዝሬት፣ የካቲት ፮ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ሰብስቤ፣

የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እዚህ ገና በየካቲት ከቀትር በኋላ የሥራ ቤታችን ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። ልጆቹ ደህና ናቸው። ዘርፉ ቁመቷ እኔን ሊያክል ነው፤ ታናሿንም ሳሉ ለቆታል። እኔም ደህና ነኝ፣ እንቅልፌ እንደ ድሮው ባይሆንም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ አንብበህ ስትጨርስ ይገባሃል። የሚያመጣልህ መካኒኩ አብደላ ነው፤ እሱም ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን፣ አንተ ወዳለህባት ላይፕዚግ ተመድቧል። ካነበብከው በኋላ አታስቀምጠው።

ባለፈው ስትጽፍልኝ «ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ያደርጉኛል የሚል ወሬ አለ። ሴቶቹ እንዴት ናቸው? ዲሲፕሊኑ ላልቷል ወይ?» ብለኸኝ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት ነገሩ ይለይለት ብዬ ነው። አሁንም የለየለት አይመስለኝም፤ ግን ልንገርህ።

አንተ ስትሄድ ትመራው የነበረውን የስፌት ክፍል ለእኔ እንደሰጡኝ ታውቃለህ። በሐምሌ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ወዬሳ ሆራ ይባላል፤ ኩየራ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ ቀጠን ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሰብስቦ መመሪያ ይሰጠናል ብለን ስንጠብቅ በየማሽኑ እየዞረ ሰላምታ ሰጠን። ሰፊዋን ዲንቄን በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት እንዳደረች፣ ስለ ልጇም ጠየቃት። ልጇ ኤርትራ ግንባር ነው፤ ታውቀዋለህ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና «ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ እዚህ ክፍል ሥራችሁን የሚያከብደው ምንድን ነው?» አለኝ። ጓድ እንኳ አላለኝም።

«ምንም የለም፤ ሁሉም ደህና ነው» አልኩት።

ምን ልበለው? አለቃ ያዛል እንጂ ይጠይቃል እንዴ? የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያደርስበት ቦታ አለው። የአክስቴ ልጅ አብተው ቀበሌ ስብሰባ ላይ «ምን ይመስልሃል?» ተብሎ የመሰለውን በመናገሩ አይደል እንደወጣ የቀረው? ሴቶቹም ምሳ ሰዓት ላይ ተንሾካሾኩ። «ጆሮ ጠቢ ነው» አሉ። እኔም አመንኩ።

እሱ ግን አልተወንም። በየጊዜው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ መልስ ስንሰጠው «ሌላስ?» ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሴቶቹ ስሙን «ሌላስ» ብለው አወጡለት። ሲመጣ «ሌላስ መጣ» ይባባሉና ሁሉም አንገታቸውን ማሽናቸው ላይ ይደፋሉ።

በኅዳር ለሠራዊቱ የሰፋነው ሱሪ ከመጋዘን ተመለሰብን። መቀመጫው ላይ ድርብ መሰፋት ሲገባው በነጠላ ተሰፍቶ ይተረተራል። የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ገሠሠ አንዱን ሱሪ ይዞ ገባ፤ በሁለት እጁ ሳብ አድርጎ ፊታችን ቀደደው።

«ይህ የፀረ አብዮት አሻጥር ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ስም ታመጪልኛለሽ። ካላመጣሽ ቦታው በአንቺ ስም ይሞላል» አለኝ።

አንተ ታደርገው እንደነበረው ሴቶቹን አሰልፌ «ማን ነው ያጠፋው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ። እውነቱን ልንገርህ፣ የዲንቄ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነጠላ ስፌት የበዛው በእሷ በኩል ነው፤ የሚከራከርላት ባልም የላት።

በዚያው ቀን ወዬሳ ቢሮው አስጠራኝ። እንድቀመጥ ወንበር ስቦ ሰጠኝ።

«ምን ለማድረግ አስበዋል?»

«እርስዎ የሚያዙኝን» አልኩት።

«እኔ ባዝዎ የእኔ መላ ይሆናል፤ እኔ ስሄድም አብሮኝ ይሄዳል» አለ። «ልጅ ሆኜ ኳስ ስጫወት አሠልጣኛችን ከመስመሩ ውጭ ነበር የሚቆመው። ኳሷን አንድ ቀን ነክቶልን አያውቅም። ገብቶ ቢመታልን ኖሮ እኛ መቼ እንማር ነበር?» ቀጥሎም «ማን አጠፋ ሲሏቸው ምን መለሱልዎ?» አለኝ።

«ዝም አሉ።»

«ሌላ ምን ቢጠይቋቸው አፋቸውን የሚከፍቱ ይመስልዎታል?»

ከዚያ ያንን ዝምታውን ያዘ። ከበሩ ኋላ የሚያዳምጥ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ብዬ አየሁ። ዝምታው ሲከብደኝ ጊዜ ሳላስበው «ድርቡን ለመስፋት ምን ጎደላችሁ ብላቸውስ?» አልኩ።

«ይሞክሩት» አለ።

ስወጣ ይበልጥ ጠረጠርኩት። ነገሩ ከከሸፈ ጥፋቱ በእኔ ላይ እንዲሆን ነው ከእኔው አፍ ያስወጣኝ ብዬ።

ቢሆንም ምርጫ አልነበረኝም። በማግስቱ ጠዋት ዲንቄ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከራሷ በላይ ቆሜ ካልሆነ አናግሬያት ስለማላውቅ ደነገጠች። «ድርቡን ለመስፋት ምን ጎደላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ብነግርሽ ለማን ትነግሪያለሽ?» አለችኝ።

«ለማንም።»

«ለባልሽስ?»

መልሴን አልጠበቀችም። አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። «ጨርቁን ከመቁረጫ ክፍል የምናመጣው እያንዳንዳችን ነን። እንነሳለን፣ እንሰለፋለን፣ እንፈርማለን፣ ተሸክመን እንመለሳለን። ጊዜው እዚያ ያልቃል፤ ኮታው ደግሞ አይጠብቀንም። ስለዚህ ድርቡን ትተን በነጠላ እንሰፋለን። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁላችንም ነን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገራችሁም?»

«ይህን ደንብ ያወጡት ጋሼ ሰብስቤ ናቸው። አንቺ ሚስታቸው ነሽ፤ ደብዳቤ እንደምትጻጻፉ እናውቃለን። የምትጽፊላቸውን በምን እናውቃለን?»

ሰብስቤ፣ እኔ ወዬሳን ጆሮ ጠቢ ነው ስል ሴቶቹ እኔን የአንተ ጆሮ አድርገው ሲጠነቀቁኝ ኖረዋል። ከእኔ ጋር ሲስቁ፣ ሲታመሙ ስጠይቃቸው፣ ለቅሶ ስደርሳቸው ሁሉ እየተጠነቀቁኝ ነበር።

ደንቡን ያወጣኸው ጨርቅ እንዳይጠፋና ማን ምን እንደወሰደ እንዲታወቅ ብለህ ነው፤ አስታውሳለሁ። በእነሱ ላይ አትቆጣ።

ሴቶቹን በአንድ ላይ ጠርቼ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ዲንቄ ስትጀምር ሌሎቹ ተከተሉ፣ እርስ በርሳቸውም ተከራከሩ። ጨርቁን አንዷ በተራ ለሁሉም ታምጣ አሉ። ድርቡን ደግሞ ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግልና እጃችን ሳያልበው እንስፋ፤ ቀላሉ ለከሰዓት ይቆየን አሉ። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር «ሌላስ?» ማለት ብቻ ነው። ስለው ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። መላው የራሳቸው ስለሆነ የሚቆጣጠራቸው አላስፈለገም፤ ለገና የሚመለስብን ሱሪ አልነበረም።

ለገሠሠ ስም አልሰጠሁትም። «ጥፋቱ የአሠራር ነው፤ ተስተካክሏል» አልኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«እሱን ተይው» አለኝ በቀስታ። «ወዬሳ ቢሮው እየጠራ ምን ይጠይቅሻል? የሃይማኖት ነገር ያነሳል? ስለ ኮታው ምን ይላል?»

ሲፈልግ የነበረው የማንን ስም እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ስለ ስፌት ነው የሚጠይቀኝ።»

«ሌላስ?» አለኝ።

ያው ቃል ነው። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ወደ በሩ ዞርኩ። «ሌላ የለም» አልኩትና ወጣሁ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ከሰዓት ወዬሳ ወደ ክፍላችን መጣ። እንደ ወትሮው በየማሽኑ ዞረ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ ቆሞ «ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ ከእንግዲህ እነዚህን ማን ይጠይቃቸዋል?» አለኝ። ሊፈትነኝ መስሎኝ ዝም አልኩት። በማግስቱ አልመጣም። አሰብ ተዛወረ የሚሉ አሉ፤ ታሰረ የሚሉም አሉ። ከመጀመሪያውም የገሠሠ ሰው ነበር፣ አሁን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሾመውታል የሚሉም አልጠፉም። የቱ እውነት እንደሆነ አላውቅም። የገሠሠ ሰው አልነበረም ብዬ ልምልልህም አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሰው ባይጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ ዲንቄ እስር ቤት ነበረች።

አሁን ደግሞ የአንተ መምጣት ወሬ ፋብሪካው ውስጥ ገብቷል። እኔ ስገባ ጨዋታ ማቆም እንደገና ጀምረዋል። ዲንቄ ትናንት ወደ ማሸጊያ ክፍል እንዳዛውራት ለመነችኝ። «ጋሼ ሰብስቤ ከመጡማ…» አለችና ሳትጨርሰው ሄደች።

እዚያ ስለ ማሽንና ስለ ፕላን ብዙ እንዳስተማሩህ ጽፈህልኛል። ስለ ሰውስ ምን አስተማሩህ? የመጣህ ዕለት ፊታቸው ስትቆም መጀመሪያ ምን ትላቸዋለህ? አስበህ ጻፍልኝ። መልሱን አልነግርህም።

ዘርፉ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «አባዬ ሲመጣ እንደ ድሮው ድምፃችንን ቀንሰን ነው የምናወራው?» አለችኝ። ከአንተ ትስማ ብዬ አልመለስኩላትም።

ልጆቹ ያዘዙልህ ሰላምታ ብዙ ነው። እመቤቴ በሰው አገር ከክፉ ትጋርድህ፣ መንገድህንም ታቅናልህ።

ሚስትህ፣
ሸዋወርቅ