የቀይዋ መኪና ጉልበት

ሰኞ፣ ግንቦት 16፣ 1963 ዓ.ም.፣ ቢቸና

የሦስተኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ጫማዬ ዛሬም አልደረቀም። ደጃፍ ላይ ተገትሯል። ላጥበው ወይስ ላቃጥለው፣ ገና አልወሰንኩም።

ስማኝ ደብተሬ፣ ላንተ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ትናንት የታናሽ እህቴ ሠርግ ነበር፣ ሞጣ። በባሌ በበላይነህ መኪና ተነሣን። አፍንጫዋ ረጅም፣ ኋላዋ አጭር፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር። ወደ አገሩ ሊመለስ ጓዙን የሸከፈ ፈረንጅ በርካሽ የለቀቀለት። ስፖርት መኪና ናት ይላል። ከደብረ ወርቅ አልፈን ትልቁ ዳገት ላይ ስንደርስ መንገታገት ጀመረች። በላይነህ ነዳጅ ይረግጣል። የኋላ ጎማዋ ጠጠር እየረጨ እዚያው በቆመበት ይሽከረከራል። ውረጂ አለኝ። ወረድኩ። በሀገር ልብስ፣ በተረከዝ ጫማ፣ ጭቃ ውስጥ። እሱ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ተንደርድሮ፣ እየተንገዳገደ ወጣ። እኔ በእግሬ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ቆመው አዩኝ። አንዷ እግዜር ያጽናሽ አለችኝ። ለቅሶ የምሄድ መስሏት።

ስንደርስ ሙሽራዋ ወጥታለች። እናቴ ስትመርቃት አላየሁም። ሳልስማት ሄደች።

በዚህ በበቃ። በላይነህ አጎቶቼ መካከል ተቀምጦ መኪናዋን ያማ ጀመር። ጉልበት የላትም አለ። ከዚያ ቀጠለ፦ “እሷ ስትወርድላት ግን ወጣች።” ሳቁ። አጎቴም ሳቀ። እኔ ወጥ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አልደፋሁበትም። እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 19። ዕርገት።

ት/ቤት ዝግ ነው። በላይነህና ሁለት የአውራጃ ጽ/ቤት ጓደኞቹ ከጠዋት ጀምሮ የመኪናዋን ኮፈን ከፍተው ቆመዋል። ክርክሩ አንድ ነው። ጉልበት። ሞተሯ ትንሽ ነው። የለም፣ አገሩ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ሳስቶባት ነው። የለም፣ ለአስፋልት የተሠራች ናት፣ ላንድሮቨር ቢሆን ኖሮ። ሦስት ወንዶች፣ አንድ ሞተር። አንዲት ብሎን የነካ የለም። ውኃ ይዤ ሳልፍ አንደኛው “መልክ እንጂ ጉልበት የላት” አለ። ስለ እሷ ይሁን ስለ እኔ እንጃ። የጎጃም ሰው አንዱን ቃል ለአንድ ነገር ብቻ አያውለውም።

አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ከኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ዛሬም “ሴት ስትከብድ ቤት ነው የሚያምርባት እንጂ መኪና አይደለም” ብለው አለፉ። ዝም አልኩ። እራት ላይም ዝም። ዝምታዬን ማንም አላየውም። እሱም አናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 24

ለወ/ት ሳሌም ነገርኳት። የት/ቤታችን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፣ ከአስመራ የመጣች። አባቷ መኪና ስላለው ከልጅነቷ ጀምሮ ትነዳለች። አልሳቀችብኝም። ጠየቀችኝ። በስንተኛ ማርሽ ነው ዳገቱን የጀመረው? እኔ ምኑን አውቄ። ማርሹን የሚቀይረው መቼ ነው? ልትቆም ስትል፣ አልኳት። ያን ጊዜ ሳቀች። ሞተሩን አፍኖ ይገድለዋል፣ ከዚያ ሞተ ብሎ ያለቅሳል አለች። ትንሽ ሞተር ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ማርሹ ዳገቱ ሥር ሳይደረስ ነው የሚወርደው። ደግሞ ይቺ መኪና የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ነው። ኋላዋ ሲቀል መሬቱን አትይዝም። እንኳን ሊያወርድሽ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሊያስቀምጥሽ ይገባ ነበር አለችኝ።

ሳቅኩ። ቤት እስክደርስ ግን ሳቁ ወደ ንዴት ዞረ።

ማታ፣ መንዳት አስተምረኝ አልኩት። ሴት መሪ ስትይዝ ከብቱ ይደነብራል ብሎ ወጣ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

በላይነህ ለስብሰባ ደ/ማርቆስ ከሄደ አራተኛ ቀኑ። የሄደው በአውቶቡስ ነው! ዳገት አትወጣም ብሎ። ቁልፉ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ከሳሌም ጋር ከት/ቤቱ ጀርባ ሜዳው ላይ ነኝ። የግራውን ፔዳል፣ ፍሪሲዮኑን፣ ስለቅ መኪናዋ ትዘላለች፣ ትጠፋለች። እንደገና። ሳሌም ትጮህብኛለች፣ በአማርኛም በትግርኛም። ትናንት አጥር ልገጭ ነበር። ዛሬ ከቤተ ክህነቱ በላይ ያለችውን አቀበት ወጣሁ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳላበዛ። ሞተሩ ዘፈነ። እውነቴን ነው፣ ዘፈነ።

አልወደድኳትም። ጠባብ ናት፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ በሠርግ ልብሴ አዋርዳኛለች። ግን አልዋሸችኝም። የሰጠኋትን ትመልሳለች። ከስንቱ ይህን አገኘሁ?

አማቴ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ያዩናል። ልጄ ይምጣ ብቻ ይላሉ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 15፣ ማታ 1 ሰዓት

ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ከሞጣ ስልክ ተደወለ። የአማቴ ታላቅ እህት ሌሊቱን አርፈዋል። ቀብር 9 ሰዓት። አውቶቡሱ ሄዷል። በላይነህ ደ/ማርቆስ። ሳሌም ፈተና እያስፈተነች ናት፣ ልትወጣ አትችልም። አማቴ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይመታሉ። እናት የሆነችኝን ሳልቀብር ይላሉ። ወንድማቸው ቄስ አለሙ፣ በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው፣ ደጃፍ ላይ ቆመው ፀሐይዋን ያያሉ።

ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አነሣሁ። ፈቃድ የለኝም። አውቃለሁ። ሁለቱንም ኋላ አስገባኋቸው። ቄሱ ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ።

ሌሊት ዘንቧል። እስከ ደ/ወርቅ ደህና። ዳገቱ ሲታይ አማቴ ትከሻዬን ነኩ።

“ልውረድ ወይ፣ ልጄ?”

ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ከልጃቸው ጋር ሲሄዱ ሁልጊዜ እንደሚወርዱ ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ በሚያማቸው ወገብ።

“አይውረዱ እማማ። እርስዎ ከኋላ ሲሆኑ ነው የምትወጣው።”

ከሥሩ ሁለተኛ አስገባሁ። መሐል ላይ ኋላዋ ወደ ገደሉ ተንሸራተተ። ቄስ አለሙ አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ነዳጁን መርገጥ አማረኝ፤ እግሬን አላላሁ። ጎማው መሬት ቆነጠጠ። አንደኛ። ሞተሩ ጮኸ። እኔም ጮህኩ መሰለኝ። ጫፍ ላይ ስንወጣ ቄሱ ገና “ኢታብአነ”፣ ወደ ፈተና አታግባን የሚለው ላይ ነበሩ።

ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ደረስን። አማቴ እህታቸውን አልቅሰው ቀበሩ። ቤት ስንገባ እጄን ይዘው ሳሙት። እጄን! የማደርገው ጠፋኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 19

በላይነህ ተመለሰ። ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ ሰምቷል። ጩኸት ጠብቄ ነበር። መኪናዋን ዞሮ አያት። ተጭራለች ወይ አለ። አልተጫረችም። ስለ አክስቱ ሞት እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የጠየቀው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ሰኞ፣ ሰኔ 21። ማርያም።

መኪናዋን ሊሸጣት ኖሯል። ለእኔ አልነገረኝም። ገዢው ከሞጣ መጡ፣ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ፣ ጨዋ ሰው። ዞረው አዩዋት፣ ጎማዋን መቱ። “ቆንጆ ናት። ያገራችንን ዳገት የሚችል ጉልበት አላት ወይ?” ብለው ጠየቁ።

በላይነህ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ጉልበቷማ! ባለፈው ሳምንት በዝናብ፣ ሦስት ሰው ይዛ፣ ያን የደብረ ወርቅን ዳገት አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆም ወጥታለች።”

ማን እንደነዳት አላለም። ራሷ የሄደች ይመስል።

“የነዳኋት እኔ ነኝ” አልኩ ከበሩ ላይ።

ሐጂ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ባሌን። “እርስዎስ ወጥተውበታል?” አሉት። በላይነህ ኮፈኗን በመዳፉ ጠረገ። አማቴ ከውስጥ “እኔ ከኋላ ነበርኩ” አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሐጂ ገዟት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። በሰው ፊት አዋረድሽኝ አለ። ሞጣ አጎቶቼ ፊትስ? አልኩት። ያ ጨዋታ ነው አለ። ጨዋታ። ሁለተኛ መሪ ከነካሽ እዚህ ቤት እንዳትመለሺ አለ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 22፣ ጠዋት

የሐጂ ሰው መጥቶ ይዟት ሄደ። መታጠፊያው ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነበር። ሰማሁት። ሊገላት ነው፣ ደንቆሮ።

ሌሊቱን አሰብኩ። መኪና የለኝም። ይኖረኝም እንደሆን አላውቅም። ግን ደ/ማርቆስ ሄጄ ለመንጃ ፈቃድ እፈተናለሁ። ከዳይሬክተሩ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ሰጠኝ። ለበላይነህ ነገርኩት፣ ተጣጥቦ ሲጨርስ። ምን ልትነጂ? አለ፣ እየሳቀ። ሳይገኝ አይቀርም አልኩት። ሳቁን አቆመ። የትናንቱን ቃል ደገመልኝ፣ በዝግታ። እኔም ሰምቻለሁ አልኩት።

አማቴ ዳቦ በነጠላ ቋጥረው አልጋዬ ላይ አስቀምጠዋል። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም።

አውቶቡሱ ጥሩንባ እየነፋ ነው። ደብተሬ፣ አንተንም ይዤህ መሄዴ ነው።