የአባታችን መኪና ለምን ትፈላለች

ኅዳር 1989፣ ሰኞ

ዛሬም ፈላች። መገናኛ ዳገቱ ላይ። ከኋላዬ የቆመ ታክሲ ወያላ፣ «እመቤት፣ ሻይ አፍልተሽ ነው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ኮፈኑን ከፍቼ እስክትበርድ ጠበቅኩ።

ታላቅ ወንድሜ ፍሬው፣ «አንቺ ነሽ የምታቃጥያት» አለ። መኪናዋ የሁለታችን ናት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቅን እንነዳታለን፤ በእሱ ሳምንት አልፈላችም ይላል። ይዋሻል። እስከ እሁድ ካልዳነች ይሸጣታል። ያለ እሷ ከኤርፖርት ማታ ፈረቃ ወደ ገርጂ የምመለስበት የለኝም። ያውቃል።

ማክሰኞ

የሰፈራችን መካኒክ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጣለው። «ይሄ ለፈረንጅ ብርድ ነው፣ እህቴ። እዚህ ምን ይሠራል?» መካኒክ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ኢምፔሪያል ሆቴል ሳልደርስ ፈላች።

ረቡዕ

ከፍሬው ጋር አልተነጋገርንም። ምሳ ላይ ጨው እንዳቀብለው ለእማዬ ነገራት፤ እማዬ ለእኔ ነገረችኝ። እሷ ለሁለታችንም እኩል ፊት ታሳያለች። አንዳንዴ ይሄ ያናድደኛል።

ሐሙስ

ቦሌ ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ፍሬው ሳልጠራው መጣ። ራዲያተሩ ወርዶ ሲገለበጥ ግራጫ ጭቃ ወጣ። እንደ አመድ የላመ።

መካኒኩ፣ «ይቺን ማን ነው ጭቃ ያጠጣት?» አለ።

ፍሬው ወደ እኔ ዞረ። «ገዢ እንዳታገኝ ብለሽ!»

«አንተ በርካሽ ለመሸጥ ብለህ ነው እንጂ።»

መካኒኩ ቧንቧውን ይዞ መሬት መሬት አየ። መንገዱን ሙሉ እየተሳደብን ተመለስን። ምናልባት እሱ ነው። ወይ ደግሞ እኔ አብጄ ይሆናል።

ቅዳሜ

ታጥባ ተገጠመች። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት መሃል ላይ ቀረ፤ ዳገቱንም ሳትፈላ ወጣች። ደስ ብሎኝ ለፍሬው ነገርኩት። ስህተቴ ይሄ ነው።

«ጥሩ» አለ። «አሁን ነው ዋጋ የምታወጣው።»

«ከዳነች አትሸጥም ብለህ ነበር።»

«ካልዳነች ትሸጣለች ነው ያልኩት። ከዳነች ምን እንደሚሆን አልተናገርኩም።»

እሁድ

ገዢው መጣ። ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ። ፍሬው ሞተሩን አስነሥቶ አሰማው። ሰውዬው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አያለሁ።

እማዬ ከቤት ወጣችና፣ «ልጄ፣ ሳታውቅ እንዳትገዛ» አለችው። «ራዲያተሯ ውስጥ እምነት፣ የቤተ ክርስቲያኑን አመድ፣ በጠበል በጥብጬ ስጨምር ነበር። ሁለቱ በእሷ ሲጣሉ ጊዜ ቢበርድላቸው ብዬ።»

ፍሬው ሞተሩን አጠፋ።

ሰውዬው አማተበ፤ መሳቅ ፈልጎም ተወው። «እንግዲህ እማማ፣ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» ብሎ ወጣ። የሚመለስ አይመስለኝም።

«ሰውዬው ሳይመጣ ለምን አልተናገርሽም?» አለ ፍሬው። «እርስ በርስ ስንባላ እያየሽ?»

«ፈርቻችሁ ነዋ» አለች።

ከነገ ጀምሮ ሳምንቱ የፍሬው ነው። ቁልፉን አላነሣም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔም አልነካሁትም።