ከሳተላይቱ ጋር ስላልተስማማ የተሰረዘው የተራራ ዝናብ

ቀን፦ ሰኔ 4 ቀን 2016

ለአየር ሁኔታ መረጃ መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የተሰረዙ የዝናብ ልኬቶች እንዲመለሱና የተራራው ጣቢያ እንዳይዘጋ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በተራራው ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝናብ ስለካ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ እኔ ግን ቸግሮኝ ከሰማይ ሆኖ የሚያየውን ልከስ ቀርቤያለሁ።

1. መምሪያው የሳተላይቱ የዝናብ ግምት በተራራማ ቦታ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ለመመዘን የሁለት ዓመት መዝገቤን ወስዷል። ባለሙያው ከሳተላይቱ በብዙ የራቁትን 137 ቀናት «የለኪዋ ስህተት» ብለው ሰረዙ። በተረፉት ቀናት ሲመዝኑት ሳተላይቱ ዘጠና ሁለት ከመቶ ትክክል ሆነ። የመሰከረበትን ሁሉ ከችሎት አስወጥቶ ተከሳሹን ነፃ ማለት ይህ ነው። ጣቢያዬም ከሐምሌ 1 ጀምሮ እንዲዘጋ ተወስኗል።

2. ደውዬ ብጠይቃቸው «እናቴ፣ እሱ እኮ ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው፤ ምን ያመልጠዋል?» አሉኝ። ችግሩ ከላይ ማየቱ ነው። የሚያየው የደመናውን አናት ነው፤ አናቱ ከፍ ብሎ ከቀዘቀዘ ዘነበ ይላል። እኛ ዘንድ ግን ደመናው ገደሉን ታኮ ዝቅ ብሎ ይተኛና ሲያወርደው ይውላል። ግንቦት 21 ጠዋት መለኪያዬ ውስጥ 61 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ሳተላይቱ 4 ብሏል።

3. ታናሽ እህቴ ከተራራው ሥር፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቀድሞ ከ40 በላይ ስለካ ለመምሪያው እደውላለሁ፣ መምሪያው ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቃል፣ ልጆቹም ውሃው ሳይሞላ በድልድዩ ወደ ቤታቸው ይሻገራሉ። ዘንድሮ ማስጠንቀቂያው በሳተላይቱ ብቻ ሆኗል፤ እኔም በግሌ እንዳላስጠነቅቅ በደብዳቤ ተከልክያለሁ። ግንቦት 21 ከመምሪያው ምንም አልመጣም። ትእዛዝ ጥሼ ለእህቴ ደወልኩላት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ልጆች አሻግራ እግሯን እንዳነሳች ውሃው ድልድዩን ይዞት ሄደ። ለዚህ ጥፋቴ ልቀጣ ዝግጁ ነኝ። ክረምቱ ግን ገና አልገባም፣ እኔም ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ 137ቱ ቀናት ተመልሰው ምዘናው እንደገና እንዲሠራ፣ ጣቢያውም ሳይዘጋ ማስጠንቀቂያው ከመለኪያው ጋር እየተገናዘበ እንዲሰጥ በትሕትና አመለክታለሁ።

4. አንድ ነገር ሳልናዘዝ ብፈርም ህሊናዬ አይፈቅድም። ሪፖርቱ በገጽ 14 ሳተላይቱና መለኪያው «ፍጹም የተስማሙበት» ብሎ ያሞገሰው ቀን የአምናው ነሐሴ 9 ነው። ሁለቱም ዜሮ። ክቡርነትዎ፣ ያን ቀን አልለካሁም። ባለቤቴን የቀበርኩት ያን ቀን ነው። ላልተለካ ቀን ሰረዝ እንጂ ዜሮ እንደማይጻፍ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ማታ ስመለስ ግን መዝገቡን ባዶ ማየት አቅቶኝ ዜሮ ጽፌ ፈረምኩ። የግድ የሚሰረዝ ቀን ካለ እሱን ይሰርዙልኝ። ጉድጓዱን ውሃ እየሞላው ቀባሪዎቹ በባልዲ እየጨለፉ ነው ያሳረፍነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የተራራው ጣቢያ ዝናብ ለኪ