ድፍኑ አክስል ስንት ፈጀ

መስከረም 22፣ ሐሙስ። ጎሬ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አራተኛ ቀን። ፒክአፗ አሁንም ግንድ ላይ ተሰቅላለች፣ የፊት እግር የላትም። ጋሽ ኢተፋ ከሥሯ ተጋድሞ ብየዳ ይዟል። እኔ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ዝናብ። ቆርቆሮው ጆሮ ያደነቁራል።

ደብተሬ፣ አንተን የገዛሁህ ነዳጅና ኪ.ሜ. እንድትይዝልኝ ነበር። አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ የተኛው ታላቅህም ለዚያው ነበር የተገዛው። ግን ቀኑን ሙሉ ብቻውን መሪ ይዞ የሚውል ሰው የሚያወራው አያጣም። ቻለው።

አሮጌው የፊት እግር ተቆርጦ ወጣ። ጎማዎቹ ለየብቻ የሚታጠፉበት ቀጫጭን ክንድ ነው፣ ለአስፋልት የተሠራ። እኔ የምሠራው ግን ከመቱ ኖፓ፣ ከኖፓ ወደ ውስጥ ነው። ቡና፣ ማር፣ አንዳንዴም በሽተኛ። በምትኩ የሚገባው ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ነው። ድፍን አክስል፣ ከነባሌስትራው። በቃ፣ ከእንግዲህ ጭቃ አይሰብረኝም።

አክስሉን ያገኘሁት ቤደሌ፣ አንድ የተሰባበሩ መኪኖች ግቢ ውስጥ ነው። ከአሮጌ አረንጓዴ ፒክአፕ የተፈታ። ሌላ ቦታ ሁለት መቶ ሺህ የሚጠሩለትን በዘጠና ሺህ ሰጡኝ። ስንጥቅ አለው ወይ? የለውም። ተበይዶ ያውቃል? አያውቅም። ሌላ ምን ይጠየቃል?

ሚስቴ ለዚህ ብረት ሁለቱን ላሞች መሸጤን አልወደደችውም። ምክንያቱን ግን ታውቃለች። አምና እህቴን ወይንሸትን ምጥ ይዟት ከኖፓ ማዶ ሳመጣት፣ ዋርካው ኩርባ ላይ የፊት ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ በቃሬዛ ተሸክመናት ሄድን። ስንደርስ ልጁ ሞቷል። ዘንድሮ ለህዳር መጨረሻ ደርሳለች። ሁለተኛ መንገድ ላይ አላስቀራትም።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ። ጎሬ፣ ረፋድ

አክስሉን በናፍጣ አጠብነው። ጋሽ ኢተፋ የግራውን ጎማ መያዣ ሲፈታ ከውስጡ አንድ ነገር ወጣ። በብረቱ ዙሪያ ተጠምጥሞ፣ በግራሶ ጠቁሮ ደርቋል። በሽቦ ጎትቶ አወጣው። ጨርቅ ነው። ጫፉ ላይ ቀለሙ አልጠፋም። ቢጫ። የሻሽ ቁራጭ፣ ዳሩ ላይ ሦስት ትንንሽ ጨሌ የተሰፋበት።

ጋሽ ኢተፋ ሥራውን አቁሞ ሲጋራ ለኮሰ። ብረቱን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። ቤደሌ አልኩት። ከተማውን አይደለም፣ ደሙን ነው የጠየቅሁህ አለ። ስለ ምን ደም ነው የምታወራው ብለው ሲጋራውን ረግጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰውየው ሲደክመው እንዲህ ነው፣ ነገር ያወሳስባል። ጨርቁን እጥላለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

መስከረም 30፣ ዓርብ። መቱ

አለቀች! ቁመቷ ጨምሯል፣ ስወጣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ነው። ከጎሬ ወርጄ የሶርን ድልድይ አለፍኩ፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ሳትተነፍስ ወጣችው። ጉድጓድ ፈልጌ ገባሁ፣ ሆን ብዬ። ምንም። እንደ ሕፃን ደስ ብሎኛል። ለወይንሸት ደውዬ ንግሥት ሆነሽ ነው የምትሄጂው አልኳት። ሳቀች። ከአምና ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ኖፓ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

የመጀመሪያው የኖፓ ጉዞ። ሻይ ቤት ገብቼ ጉራዬን ነዛሁ፤ አክስሉ ከቤደሌ እንደመጣ፣ ከአረንጓዴው ፒክአፕ እንደተፈታ፣ ስንት እንደገዛሁት። ይስቁ የነበሩት ሂሳባቸውን ከፈሉ። አንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ዋጋው አስቀንቷቸው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ኖፓ ሳልደርስ፣ ዋርካው ኩርባ ላይ ከፊት በኩል ድምፅ ይመጣል። የብረት ፉጨት አይደለም። ሰው አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ዓይነት። ዝቅ ያለ፣ የማይቋረጥ። መሪውም ወደ ግራ ይስበኛል። ኩርባው ሲያልቅ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ዋርካው ሥር ደግሞ አንዲት አሮጊት ቆማለች። ፊቷን ወደ ግንዱ፣ ጀርባዋን ወደ መንገዱ አድርጋ። ክላክስ ነፋሁ። አልዞረችም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። ኖፓ፣ የገበያ ቀን

አንድም ጆንያ አልጫንኩም። የለመዱኝ ነጋዴዎች ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቃሉ፣ ናጋ ቡሊ፣ በሰላም እደር ይሉኛል። ቡናው ዛሬ አልደረሰም ይላሉ። ጆንያው እኮ እግራቸው ሥር ነው! ኋላ በአህያ ሲጭኑት አየሁ። አንዲት ሴት ልጇን ልታሳፍር መጥታ፣ ባሏ በጆሮዋ አንድ ነገር ሲላት፣ ልጁን ከፊት ጎማው አጠገብ ነጥቃ ሄደች። አልተሳደቡም፣ አልገላመጡም። እንዲህ ያለ ጨዋነት ያስፈራል። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ስመለስ አሮጊቷ ዋርካው ሥር ነበረች። ስሄድም ነበረች። ኩርባውን ሳልዞር በፊት ቀድማ ቆማ ነው የማገኛት። በአቅራቢያው ያለው ቤት ዳገቱ ላይ ነው፣ ትንሽ መንገድ አይደለም። መምጣቴን በምን ታውቃለች?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። ጎሬ

ጋሽ ኢተፋ ኩሽኔታዎቹን ፈታ፣ አዳዲስ አስገባ። ነድቶ ሞከራት። ቀጥ ትላለች፣ ድምፅ የላትም። እውነቱን ነው፣ ጎሬ ላይ የላትም። መቱም ላይ የላትም። የእጅ ዋጋ አልቀበልም አለኝ። ጋሽ ኢተፋ ገንዘብ እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም፣ ሆዴ ባባ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ። መቱ፣ ማለዳ

የወይንሸት ባል ገመቹ በእግሩ መጣ። ሌሊት ተነስቶ! ሚኒባስ እያለ። ቁርስ አልበላም አለ። ቤቴ ውስጥ ውኃ እንኳ አልጠጣም። በረንዳ ላይ ቆሞ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። እንዳለው ልጻፈው።

ካቻምና ነሐሴ ላይ አረንጓዴው ፒክአፕ ዋርካው ኩርባ ላይ አንዲት ልጅ ገጭቶ ገደለ። ሌንሴ ትባላለች፣ የአዴ ጫልቱ ልጅ። አዴ ጫልቱ ማለት ያቺ አሮጊት ናት። ሹፌሩ ጠፋ። ባለቤቱ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ መኪናውን ለብረት ሸጦ ስልኩን አጠፋ። ጉማ አልተደረገም። ጉማ ሳይደረግ፣ ማለትም ሽማግሌ ገብቶ የገዳይ ወገን ጥፋቱን ሳያምን፣ ካሳ ሳይከፍልና ደም ሳይታጠብ፣ ሁለቱ ወገን ከአንድ ጣሳ ውኃ አይጠጣም። ብረቱም የገዳይ ወገን ነው። በላዩ አይጫንም፣ አይሳፈሩበትም። ነፍሰ ጡርማ ጭራሽ።

እኔ አልገደልኩም አልኩ። እናውቃለን ጋሼ አለ። ታዲያ? ብረቱን ሲገዙ ደሙን አብረው ገዙ አለኝ። አንቱ እያለኝ፣ እያከበረኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ወይንሸት ደወለች። አልሳፈርም አለች። ከመንደሩ ተጣልቼ አልወልድም፣ ምጥ ከያዘኝ ተሸክመው ያድርሱኝ። አምና ተሸክመውሽ ምን ሆነ አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጠኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ። መቱ

አሮጌውን እግር ልመልስ ብዬ ነበር። ተቆራርጦ ተሸጧል። አክስሉን ልሽጠው ብዬ ነበር። ማን ይገዛዋል? የሚገዛውስ ቢገኝ ሳልነግረው ልሸጥለት ነው?

ኦቦ ለማ ጋ ሄድኩ። የኖፓ ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴን ያውቁታል። ጉማውን እኔ እከፍላለሁ አልኳቸው። ንዴቴ ገና አልበረደም፣ እንደ ትርፍ ዕቃ ዋጋ ነው የተናገርኩት፣ ይኸውላችሁ ውሰዱ፣ እህቴን ልቀቁልኝ። ያልገደለ ሰው ጉማ ከፍሎ አያውቅም አሉ። ከከፈልክ እናቲቱ ፊት ቆመህ ደሟ በእጄ ነው ማለት አለብህ። አንተም ልጆችህም በዚያ ስም ትጠራላችሁ።

ለካ የዘጠና ሺሁ ቀሪ ሂሳብ ይኼ ነው።

እሺ አልኩ። እጠይቃታለሁ አሉ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ። መቱ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መልሱ መጣ። ኦቦ ለማ ራሳቸው በስልክ። አዴ ጫልቱ ካሳ አልፈልግም ብላለች። የብረቱን ነገር አልጠየቅሁትም፣ ብረት ሰው አያይም ብላለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ልካለች። በካቻምናው ነሐሴ 19፣ ከሰዓት በኋላ፣ የት ነበር?

እንዴት አስታውሳለሁ? ሳቅሁ መሰለኝ። ኦቦ ለማ አልሳቁም።

እዚያው ዕለት፣ 11 ሰዓት

ታላቅህን ከካርቶኑ አወጣሁት። አይጥ ጥጉን በልታዋለች። ነሐሴ 19 አለ። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ከኖፓ መልስ። ቡና 9 ጆንያ። ከባድ ዝናብ። ዋርካው ኩርባ ላይ ሰዎች እጅ አነሱ። አንዲት ሴት የተቀደደ ቢጫ ሻሽ እያውለበለበች መንገድ ገባች። መሬት ላይ የተኛ ሰው አለ መሰለኝ። አልቆምኩም። ጭቃ ነው፣ ከቆምኩ በዚህ የፊት እግር አልነሳም። መቱ 11፡40። ነዳጅ 18 ሊ.»

ሦስቴ አነበብኩት። «መሰለኝ» ይላል። ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ስቀርብ ጀርባዋን የምታዞረው ለአክስሉ አይደለም። ለእኔ ነው። አምናም፣ ክንዱ ሲሰበር፣ ወይንሸትን ስናወርድ፣ ዋርካው ሥር አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር። አሁን ነው የመጣልኝ። ያኔ ዝናብ ያስጠለለው መንገደኛ መስሎኝ ነበር።

አንተ ደብተር፣ ወንድምህ ይህን ይዞ ከዓመት በላይ አልጋዬ ሥር ተኛ። እኔም በላዩ ተኛሁ። ለማንም አልነገርኩም፣ ለሚስቴም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ። መቱ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ገመቹ ደወለ። ወይንሸትን ጀምሯታል። ጊዜው ሳይደርስ! አራት ሳምንት ቀድሞ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ተሸካሚዎቹ መሻገር አልቻሉም። ከዚህች መኪና በቀር እዚያ የሚደርስ የለም። እሷ ግን አሁንም አልሳፈርም ትላለች፣ አዴ ጫልቱ ካልፈቀደች።

እሄዳለሁ። ኩርባው ላይ እቆማለሁ። የተጻፈውን አነብላታለሁ፣ በኦሮምኛ፣ አንዲት ቃል ሳላሳንስ። ጭቃ ነው የሚለውንም። መሰለኝ የሚለውንም። ከዚያ አብራኝ ትሄድ እንደሆነ እለምናታለሁ። እሷ ከፊት ከተቀመጠች የሚከለክል የለም። እምቢ ካለችም ትከልክለኝ፣ መብቷ ነው። ሻሹን ከኪሴ አውጥቼ ታላቅህ ውስጥ፣ የነሐሴ 19 ገጽ ላይ አስቀምጫለሁ።

3 ሰዓት። ዋርካው ኩርባ

ቆምኩ። ጭቃው እስከ ጎማው እምብርት ነው፣ አክስሉ ምንም አልሆነም። ወይንሸት እየጠበቀች ነው፣ እኔ እዚህ እጽፋለሁ። ፈርቼ ነው። እውነቱ ይኸው።

አዴ ጫልቱ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታ። ድምፁ አለ፣ ያው ማንጎራጎር። ሞተሩን አጠፋሁ። ድምፁ አልጠፋም። ከብረቱ አልነበረም። ከእሷ ነው፣ አፏን ገጥማ፣ ግንዱን ይዛ። በሞተር ጩኸት ውስጥ፣ በተዘጋ መስኮት፣ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ሰማሁት?

አሁን በሩን ስከፍት ዝም አለች። እየዞረች ነው። ታላቅህን ይዤ እወርዳለሁ። አንተ እዚሁ ጠብቀኝ።