ትንሿ ባለጥርስ ቀለበት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዳቦ ልገዛ የባለቤቴን አሮጌ ሳይክል ከዕቃ ቤት አወጣሁት። አምና መንዳት ካቆመች ወዲህ የነካው የለም። መንገድ ላይ ካቴናው ሦስት ጊዜ ዘለለ፤ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተዋወቀ። ዳቦው ደኅና ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ሳይክል ሠሪው ዘንድ ወሰድኩት። የኋላ ጎማውን ፈታና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው... ሐኪምም እንዲህ ሲያደርግ አልወድም።
ኋላ ላይ ሰባት ባለጥርስ ቀለበቶች አሉ። ስድስቱ ትናንት የተገዙ ይመስላሉ። ትንሿ ግን ጥርሷ አልቆ መጋዝ ሆናለች።
"ጋሼ፣ ሰውዬው ሌሎቹን ለማን አስቀምጦ ነው?"
"ሴት ናት። ባለቤቴ።"
"የማርሹ ገመድ ተበጥሷል እኮ! ሲበጠስ ካቴናው ትንሿ ላይ ወርዶ እዚያው ይቀራል። እሷ ደግሞ ለሜዳ ናት። የት ነበር የሚነዱት?"
አስተማሪ ናት፣ ትምህርት ቤቱ ዳገቱ ላይ ነው አልኩት።
"በዚች? ያን ዳገት? ...ጉልበታቸው ደኅና ነው?"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ገመዱ የተበጠሰ ዕለት ነግራኛለች። "ቅዳሜ አየዋለሁ" አልኩ። የትኛውን ቅዳሜ እንደሆነ አልተናገርኩም። አራት ዓመት? አምስት? የሰው ስህተት እያረምኩ የምኖር ሰው... አንድ ገመድ!
አምና ጉልበቷን ይዛ "በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልነዳም" ስትል ምን አልኩ? "ወደ እርጅና እንኳን ደኅና መጣሽ።" ሳቀች። የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ካቴናው፣ ገመዱ፣ ሰባቱም ቀለበቶች ተቀየሩ። ሠሪው እንደሚለው አዲስ ካቴና ያለቀ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ቅዳሜ መሆኑን ልብ ብያለሁ።
ግቢው ውስጥ አቆምኩላት።
"ተሠራ?"
"ተሠራ። ዳገቱን አሁን ቁጭ ብለሽ ነው የምትወጪው።"
ወጣችበት። ግማሽ ዙር... ወረደች።
"ጥሩ አድርጎታል" አለች። "ጉልበቴ ግን አይታጠፍልኝም።"
ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። "ኮርቻው ከፍ ይበል እንዴ?" አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ሳይክሉን ለጎረቤታችን ለነርሷ ሰጠቻት። አላማከረችኝም፤ ልክ ናት።
ዛሬ ጠዋት በመስኮት አየናት። ዳገቱን ቁጭ ብላ፣ እያንጎራጎረች ወጣችው። ባለቤቴ እስክትሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት።
"እንዲህ ነበር ለካ የሚወጣው" አለች።
"ይቅርታ" አልኩ። በዚህ ቤት ቃሉ እንግዳ ነው።
ዞራ አላየችኝም። ኮቷን ለበሰች።
"ቦርሳዬን ያዝልኝ። አሁን እንውጣ፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል። ቶሎ ቶሎ መራመድ አልችልም።"