ንግሥቲቱን ከስፌት ክፍላችን ላስወጡት ሥራ አስኪያጅ

እጅግ ለተከበሩ አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልን? ወገብዎ፣ ዐይንዎ፣ በተለይም ሰሞኑን ማስታወቂያ በመፈረም ብዙ የደከመው ቀኝ እጅዎ እንዴት ነው? እኛ የስፌት ክፍል ሴቶች አንገታችን ከመጉበጡና እግራችን መርገጫው ላይ ከመደንዘዙ በቀር ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘንም። ለእርስዎ ጤናና ዕድሜ፣ ለሚሽከረከረው ወንበርዎም ጥንካሬ እንመኛለን። ይህችን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን የለጠፍኳት ለድፍረት አይደለም። ቢሮዎ ያለ ቀጠሮ አይገባም ስለተባልን፣ ቀጠሮ የሚይዝልንን ሰው ለማግኘትም ቀጠሮ ያስፈልጋል ስለተባልን ነው።

እኔ በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው ኮሌታ ሰፊ ነኝ። ማስታወቂያዎን አንብበነዋል፤ ላላነበበችም ተነቦላታል። በሥራ ሰዓት የነገሥታት ተረት ማየት የተከለከለ መሆኑን፣ ቴሌቪዥኑም ወደ አስተዳደር ቢሮ መዛወሩን ተረድተናል። «ተዛውሯል» የምትለዋን ቃል በጣም ወደድናት፤ ዕድገት ያገኘ ሠራተኛ አስመሰለችው። ማስታወቂያውን ያንሡልን ብዬ አልለምንዎትም፤ ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ተረቱ ሙሉውን ሲነገር ከወረቀት በፊት አንድ ሌላ ሰውም ይጠራል፣ እሱን ግን ለአክብሮትዎ ስል ትቼዋለሁ። የመጣሁት ለምስጋና ነው፤ ምስጋናችንም ስለበዛ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ሥራ እንደማንሠራ በገዛ ዐይንዎ አይተው ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን። የሆስፒታል ጋዋን ሊያዝዝ የመጣውን ደንበኛ ይዘው የገቡ ዕለት መላው ክፍል እግሩን ከመርገጫ አንሥቶ፣ ወደ ግድግዳው አንጋጦ ሲያለቅስ ደረሱ። ወደኛ ከመጡ ገና ስለሆነ፣ ያዩትን ነገር ባስረዳዎ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ከምሳ በኋላ የሚታየውን የዚያችን የጥንት ንግሥት ድራማ በእኛ ክፍል ማንም አያየውም፤ የምታየው እትዬ ብቻ ናት። እትዬ ከሁላችን ታላቅ የሆነችው፣ አንቱ ስንላት ስለምትቆጣ አንቺ የምንላት ሰፊ ናት፤ አንቱታውን ለእርስዎ አስቀምጠነዋል። እሷ እያየች ታወራለች፣ እኛ እየሰፋን እንሰማለን። ጆሮ ክር አይበጥስም። በዐይን ካልታየ የሚያስቆጭ ነገር ሲመጣ ደግሞ «ቀና በሉ» ትላለች፤ ክፍሉ በሙሉ ቀና ይላል፤ «በቃ» ስትል እንደገና እናቀረቅራለን። ይህ ሥርዓት ከእርስዎ በፊት በነበሩት አለቃ ዘመንም ነበረ፤ አንድም ትእዛዝ ዘግይቶብን አያውቅም።

እርስዎ የገቡት ንጉሡ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ንጉሥ ሲሞት ቀና አለማለት ደግሞ ነውር ነው። ያ ጨዋ ደንበኛ ኮፍያውን አውልቆ፣ የሞተባችሁ ማን ነው ብሎ ካውያ ተኳሿን በሹክሹክታ ቢጠይቃት፣ ዐይኗን በጋዋኑ ጠርዝ እየጠረገች፣ ደግ ሰው እንደነበረና መርዝ አብልተው እንደገደሉት ነገረችው። ደንበኛው ደንግጦ ወደ እርስዎ ዞረና እግዜር ያጽናችሁ አለ። እርስዎም አንገትዎን ሰበር አድርገው አሜን አሉ፤ እኛን በጣም ደስ አለን፣ ሐዘናችንን የተካፈለ አለቃ አግኝተን አናውቅምና። ገዳዩ ተይዟል ወይ ብሎ ባይጠይቅ፣ ተኳሿም ገዳዩ ወንድሙ መሆኑንና ነገ ዘውድ እንደሚጭን ባትነግረው ኖሮ በሰላም ይለያዩ ነበር። ደንበኛው እስከ በሩ ድረስ እየሳቀ ሄዶ ትእዛዙን ፈረመ። የተቆጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሁለተኛ፤ በቴሌቪዥኑ ፋንታ በድምፅ ማጉያ ስለከፈቱልን የጊዜ አጠቃቀም ትምህርት እናመሰግናለን። አስተማሪው ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ማልዶ መነሣት ለስኬት ያበቃል እያለ ይመክረናል። ከመካከላችን ወፍ ቀድሟት የምትነሣ ሴት ካለች ትመከር ብለን ፈልገን አጣን። ትምህርቱ እንቅልፍ በማምጣት በኩል ግን ወደር የለውም፤ እጅጌ ሰፊያችን በአንዱ ጋዋን ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ገጥማ ተገኝታለች። በንጉሡ ሞት ሳምንት እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመንም።

ከዚያ ዕለት በኋላ በጠሩን ስብሰባ ላይ ደግሞ፣ እናንተን ከንግሥት ጋር ምን አገናኛችሁ ብለው ጠየቁን። ያን ዕለት ዝም ያልነው መልስ አጥተን አይደለም፤ ከስፌት መኪናችን ሳንነሣ ነበር ስብሰባው፣ ብዙዎቻችንም መርፌ በከንፈራችን ይዘን ነበር። አሁን መርፌውን አውጥቻለሁ። ንግሥቲቱ በደረጃው ስትወርድ ሚኒስትሩ ይሰግድላታል፣ ወታደሩ ጎራዴ ይመዝላታል፤ የዚያን ሁሉ ቀሚስ ጠርዝ ጎንበስ ብላ የሰፋችው ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ አንድም ሰው የለም። እኛ እንጠይቃለን። እትዬ ወሬዋን የምትጀምረው ከልብሱ ነው፤ እጅጌው እንዴት እንደተሸበሸበ፣ ገበሩ ከምን እንደሆነ ሳትነግረን ወደ ጦርነቱ አትገባም። ንግሥቲቱ ቀሚሷን በጭቃ ስትጎትት ክፍሉ በአንድ ድምፅ እህህ ይላል። አንድ ቀን እንዲያውም ከንግሥቲቱ ጀርባ ዚፕ ብቅ ቢል፣ አዝራር ተካይዋ ከሳቋ ብዛት መቀሷን ጥላ ተፈለገላት። በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ እኛም ነበርን ክቡርነትዎ፤ ካሜራው ወደኛ ስላልዞረ ነው እንጂ። ምን አገናኛችሁ ሲሉን ውስጣችን ቆስሏል፤ ቁስሉም እስካሁን አልሻረም።

ሦስተኛውን አዝራር ተካይዋ ናት የነገረችኝ። ምስጋና ስላልሆነ ዘልዬዋለሁ።

አራተኛ፤ የዐይንዎን ጥራት እናደንቃለን። ቴሌቪዥኑ ከወጣ በኋላ ክፍሉን ሲዞሩ እትዬ ክር ባልገባበት መኪና ፊት ተቀምጣ አገኟት፤ በማግስቱም በሥራ ገበታዋ ላይ ያለ ሥራ መገኘቷን፣ በወሩ መጨረሻም መኪናዋን አስረክባ እንድትሰናበት የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ ነው። እንግዲህ ደብቀውኝ ነበር እንዳይሉን፣ በሰሌዳ ላይ በግልጽ ልጻፈው። የእትዬ ዐይን ሩቁን ያያል፣ ቅርቡ ግን ጠፍቶበታል፤ መነጽር ቢቀያየርላትም አልተመለሰም፣ እጇም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የእሷን ድርሻ እኛ እንሰፋዋለን። እጅጌዋን እጅጌ ሰፊዋ፣ ኮሌታዋን እኔ፣ አዝራሯን አዝራር ተካይዋ። ከመኪናዋ አጠገብ የሚከመረው ሥራ ጎድሎ አያውቅም፤ እርስዎ ራስዎ በመጀመሪያው ስብሰባዎ ከእሷ ተማሩ ብለው አመስግነዋታል። ልክ ነበሩ። የተማርነው ከእሷ ነው።

እኔ ወደዚህ ክፍል ስገባ ቀጥ ያለ መሥመር እንኳ መስፋት አልችልም ነበር፤ እጇን በእጄ ላይ ጭና ኮሌታ ማዞር ያስተማረችኝ እሷ ናት። የአዝራር ተካይዋ ጣት መርፌ ገብቶበት ስትጮህ ነቅላ፣ አስራ፣ ሆስፒታል ይዛት የሄደችው፣ የዚያንም ቀን የልጅቷን ሥራ አምሽታ የጨረሰችው እሷ ናት። አሁን ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ደርሳለች። ደጃፉ ላይ ሳለች ብትባረር እንደ አንድ ቀን ሠራተኛ ባዶ እጇን እንደምትወጣ እርስዎ ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ፤ ደንቡን ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ሰው ዕድሜ ልኩን የሌላውን ልብስ ሲሰፋ ኖሮ በመጨረሻ በጨርቅ ቁራጭ ተሸኝቶ አይሄድም። እኛ በሕይወት እያለን አይሆንም።

ደብዳቤዎን ስትቀበል አለቀሰች ብለው ካሰቡ ተሳስተዋል። አስነብባ ሰማች፣ አራት አጠፈችው፣ ከሚወዛወዘው የመኪናዋ እግር ሥር ሻጠችው፤ መኪናው አሁን አይወዛወዝም፣ ለዚህም እናመሰግናለን። ከዚያ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ስናያት፣ «ምን ታዩኛላችሁ፣ ስፉ እንጂ። ንግሥቲቱ የት ደርሳ ነበር?» አለች። ካቆመችበት ቀጠለች፣ ከራሷ አፍልቃ። ቴሌቪዥን ቢወጣ ወሬ አይወጣም። ሰሞኑን ወደ ቤተ መንግሥቱ አንድ አዲስ አዛዥ ገብቷል፤ ሹመቱን በተቀበለ ዕለት የመጀመሪያ ሥራው መስኮት ማዘጋት ነበር። ማንን እንደሚመስል እትዬ አልተናገረችም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም፣ ሥራ ላይ ነን።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በታላቅ ትሕትና የምናስታውቅዎ እንደሚከተለው ነው። ቴሌቪዥኑን ይያዙት፣ ይባረክልዎት። የጊዜ አጠቃቀሙንም ትምህርት ቢፈልጉ ቀኑን ሙሉ ይክፈቱልን። እትዬን ግን አንሰጥም። የድርሻዋ ሥራ በልኩ እየተሠራ ነው፣ የሠራው እጅ የማን ነው የሚለው የእኛ ጉዳይ ነው። መኪናዋን የሚረከብ ሰው ሲልኩ ከሁላችን መኪና ጋር አብሮ ይረከበን። ያን ዕለት «ቀና በሉ» እንባባላለን፣ ሁላችንም ቀና እንላለን። «በቃ» የሚል ግን አይኖርም።

ትዕግሥትዎን አብዝተን ስለወሰድን ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ አንገቴን ለመርፌዬ ብቻ እንደደፋሁ፣ ከእጅጌ ሰፊዋ፣ ከአዝራር ተካይዋ፣ ከካውያ ተኳሿና እርስዎ ስማቸውን ማወቅ ካልፈለጉት እኅቶቼ ሁሉ ጋር፣ ከማይጠፋ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ኮሌታ ሰፊዋ

ማስታወሻ፤ ቢሮዎን የምታጸዳው ሴት ከእኛ ጋር ምሳ ትበላለች። ከምሳ በኋላ በርዎ እንደሚዘጋ፣ ከውስጥም የፈረስ ኮቴና የመለከት ድምፅ እንደሚሰማ፣ አልፎ አልፎም ልዑሉ ከየትኛዋ ሚስት እንደተወለደ እንደሚጠይቋት አጫውታናለች። ከመሃል ጀምረው ስለሆነ አይፈረድብዎትም፤ የቀረብዎትን እትዬ ትነግርዎታለች፣ ከአጠገቧ ወንበር አለ፣ አዝራር እየለቀሙ መስማት ይቻላል። ትናንት ደግሞ ንግሥቲቱ ከዙፋኗ እንድትወርድ ሲፈረድባት መሐረብ እንዳወጡ ሰማን። እግዜር ያጽናዎት። እርስዎ ቢሮ ወርዳ ይሆናል፤ እኛ ክፍል ግን እንደተቀመጠች ናት፣ የሚያስነሣትም የለም።